አላደርኩም ያለው ገበሬ

«እኔ ነኝ እንግዲህ የሸጥኳችሁ? እኔ?» አሉ ጋሽ ወንድይራድ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው እየመቱ። «ተናገሪ እስቲ! መንገዱን እኔ አነጠፍኩት?»

«አላነጠፉትም። ሲነጠፍ ግን ቆመው አይተዋል» አለች ወይዘሮ ትርንጎ።

«አንቺስ ተኝተሽ ነበር?»

«ምነው በተኛሁ! እንቅልፍ አጥቼ አይደል እዚህ ቆሜ የምጮኸው!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ትርንጎ ግን አልሳቀችም። ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፋ አድርጋ ወደ ሕዝቡ ዞረች።

«ሳቁ፣ ሳቁ። ዛሬ ማታ ተሳቢው ሲመጣ ደግሞ እንተያያለን።»

ጋሽ ወንድይራድ የሰፈሩ እድር ሰብሳቢ ናቸው። ጠቡ የተነሣው እሳቸው ከመንገድ ሥራው ኢንጂነር ሰምተው ባመጡት አንድ ወሬ ነው። በከተማዋ መሃል የሚያልፈው አውራ ጎዳና እየታደሰ ነበር። ከድልድዩ እስከ ወፍጮ ቤቱ ያለው ተነጥፎ አልቋል፤ ከወፍጮ ቤቱ እስከ ጤና ጣቢያው ያለው ቀርቷል። ያለቀው ሬንጅ ፈሶበት ትልልቅ ጠጠር የተረጨበት ስለሆነ ሰዉ «ሻካራው» ይለዋል። ሌላም ዓይነት ንጣፍ አለ፤ ደቃቅ ጠጠር ከሬንጅ ጋር ተቦክቶ የሚነጠፍ ነው። እሱን «ልሙጡ» ይሉታል። ሻካራው ቶሎ ያልቃል፣ በዝናብ ጊዜም ጎማ ይይዛል ይባላል። ነገር ግን ጭነት የያዘ መኪና ሲያልፍበት ጎማው ያጓራል። የቆርቆሮው ጣራ ይንቀጠቀጣል፤ የመስኮቱ መስታወት ይነዝራል፤ የተኛ ሁሉ ይነሣል። መኪኖቹ ደግሞ በብዛት የሚያልፉት ሌሊት ነው።

ኢንጂነሩ የሚያድረው ከከተማው ርቆ ካለው ካምፕ ነው። በየጧቱ ግን ሥራውን ለማየት ይመጣል። ዛሬ ውሳኔ የሚሰጥበት ቀን ነበር። ልሙጡን የሚያነጥፉት ማሽኖች ሊሄዱ ነው። ለጋሽ ወንድይራድም እንዲህ ብሏቸው ማዶ ካለው ሻይ ቤት ተቀመጠ፦ «ነዋሪው ደህና እንደሆነ ሰምቻለሁ፤ በጫጫታው የተቸገረ የለም። ስለዚህ የቀረውንም በዚሁ እንጨርሰዋለን። ቅሬታ ካለ ግን ማሽኖቹ ሳይሄዱ ይነገረኝ፤ በሻካራው ላይ ልሙጡን መደረብ ይቻላል።»

ጋሽ ወንድይራድ ይህን ለስብሰባው ሲናገሩ አዳራሹ ተደበላለቀ። ደህና ናቸው ብሎ የነገረው ማነው? አንዱ ሌላውን ጠረጠረ። ባለ ወፍጮው «እኔ አፌ ይቆረጥ» ብሎ ማለ። ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች «የካምፑ ዘበኛ ነው» አሉ። የካምፑ ዘበኛም በስብሰባው ስለነበር እሱም ማለ። ትርንጎ ደግሞ ጣቷን በጋሽ ወንድይራድ ላይ ቀሰረች።

እሷን ያስጨነቃት ጫጫታው ብቻ አይደለም። ባለቤቷ ታሞ ከሆስፒታል ከወጣ ገና ቅርብ ጊዜው ነው። ሐኪሙ ዋናው መድኃኒትህ እንቅልፍ ነው ብሎታል። ቤታቸው ከመንገዱ ዳር ነው፤ ከአጥሩ አልፎ ሻካራው ይጀምራል። ሰውዬው መኪና ባለፈ ቁጥር ብንን ይላል፤ ቀን ደግሞ ግድግዳ ተደግፎ ያንቀላፋል። ገጠር ወንድሙ ዘንድ እንዲሄድ ተነጋግረው ልብሱን ማሰር ጀምራለች። ከትዳራቸው ወዲህ ተለያይተው አያውቁም።

«ሁላችንም እንቅልፍ አጥተናል» አለች። «ሁላችንም እናማርራለን። በውሃ ቦታ እናማርራለን፣ በገበያ እናማርራለን፣ በለቅሶ ቤት ሳይቀር እናማርራለን። ታዲያ ኢንጂነሩ ደህና ናቸው የሚለውን ከየት ሰማው? ከመሃላችን አንድ ሰው ነግሮታል! ያ ሰው ማነው? እሱን ብቻ አሳውቁኝ። መምህር፣ እርስዎ ይፍረዱ፤ ያ ሰው ማነው?»

መምህር ልሳነወርቅ ከመስኮቱ ሥር ዘንጋቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው ተቀምጠው ነበር። በከተማዋ ትምህርት ቤት ብዙ ዘመን አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አዳራሹን ከሞላው ሰው አብዛኛውን ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ጋሽ ወንድይራድንም ጭምር።

«ማን እንደሆነ አውቃለሁ» አሉ።

ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ።

«እነግርሻለሁ። ግን ተቀመጪ፤ ቆመሽ አይሰማም።»

ትርንጎ ተቀመጠች። መምህርም እንዲህ ብለው ጀመሩ፦

ጋሪ የበዛለት አንድ ባለጸጋ ነበረ። እህል ከቆላ ወደ ደጋ ያመላልሳል። የቆላው ፀሐይ በቅሎዎቹን ስለሚያደክም ጋሪዎቹ የሚጓዙት በሌሊት ነበር። መንገዳቸው የአንድ መንደር መሃል ለመሃል ያልፋል። መንገዱ አፈር ነው። በበጋ ጋሪዎቹ ሲያልፉ የሚሰማቸው እንኳን አልነበረም። ክረምት ሲገባ ግን ጭቃው ይውጣቸዋል።

ባለጸጋው በዚህ ተማረረና መንገዱን በድንጋይ ሊያነጥፍ ወሰነ። የሥራው አለቃ ሁለት ምርጫ አቀረበለት። «ጌታዬ፣ ድንጋዩን እንዳለ ደርድረን ብንተወው ክረምት ሳይገባ ይደርሳል። ደቃቅ ኮረትና አሸዋ ብናለብሰውና ብንጠቀጥቀው ደግሞ ለስላሳ ይሆናል፤ ግን ይዘገያል።» ባለጸጋው «የሚደርሰው ይሻላል» አለ። የጋሪዎቹ መንኮራኩር ዙሪያው በብረት የተለበጠ ነበር። ብረት በራቁት ድንጋይ ላይ ሲሄድ ምን እንደሚል አልሰማም፤ ቤቱ ሩቅ ነበርና።

ይህ ሰው ክፉ አልነበረም፤ ልብ በይ ትርንጎ። ክፉ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር፤ ይጠሉታል፣ ይከሱታል፣ ያልቃል። እሱ ግን ጨዋ ሰው ነበር። በየጧቱ ሥራውን ለማየት ሲመጣ ከመንደሩ መግቢያ ከበቅሎው ይወርዳል። ባርኔጣውን ያነሣና ሕዝቡን «እንዴት አደራችሁ?» ይላል።

ሕዝቡም ጨዋ ነበር። የተቀመጠው ይነሣል፤ የቆመው ጎንበስ ይላል። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና አደርን። እርስዎስ እንዴት አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

ከዚያ ባለጸጋው ወደ ሥራው አለቃ ዞር ይላል። «ደህና አድረዋል። ቀጥል» ይለዋል።

ድንጋዩም ይቀጥላል።

በመንደሩ አንድ ገበሬ ነበረ። ቤቱ ከሁሉም ይልቅ ለመንገዱ የቀረበ ነው። ሚስቱ አራስ ነበረች። ጋሪ ባለፈ ቁጥር ሕፃኑ ደንግጦ ይጮኻል፤ እናቱ እሹሩሩ ብላ ልታስተኛው ስትል ሌላ ጋሪ ይመጣል። እንቅልፍ ስታጣ ጡቷ ነጠፈ። ሕፃኑም ከሳ።

«ንገረው» አለችው ባሏን። «ሰውዬው በየጧቱ ይመጣ የለ? ንገረው።»

«ነገ እነግረዋለሁ።»

ገበሬው ዓይናፋር ነበር። ሰው በተሰበሰበበት ድምፁን አሰምቶ አያውቅም። ቢሆንም ሌሊቱን ሲሰናዳ አደረ፤ የሚናገረውንም ሁሉ አበጃጀ። ሲነጋ ባለጸጋው መጣ። «እንዴት አደራችሁ?» ሲል የገበሬው ምላስ ከሌሎቹ ጋር እኩል ሮጠ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና አደርን!» ብሎ ሲጨርስ ምን እንዳለ ገባው። ባለጸጋው ግን ወደ ሥራው አለቃ ዞሮ ነበር።

በማግስቱም እንዲሁ። ከዚያ በኋላም እንዲሁ።

ሚስቱ አንድ ጧት ከበር ላይ ሆና ሰማችው። እሱ ወደ ቤት ሲመለስ ሕፃኑን አዝላ፣ ጨርቋን ቋጥራ ቆማ አገኛት።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«እናቴ ቤት። እዚያ ጋሪ የለም።»

«እስከ መቼ?»

«ደህና አደርኩ ብለህ እስክትመልስ ድረስ» አለችው።

«እሱንማ በየጧቱ እላለሁ።»

«ሳትዋሽ» አለችና መንገድ ጀመረች።

ገበሬው ባዶ ቤት ቀረ። መጀመሪያ በሚስቱ ተናደደ፤ ቀጥሎ በባለጸጋው ተናደደ። ቀን ቀን በሬ ጠምዶ እያረሰ ነገሩን ሲያወጣና ሲያወርድ ሰነበተ። እንደምንም ብዬ ከሰላምታው በፊት ልናገር ቢል ነውር ነው። ከሰላምታው በኋላ ልናገር ቢል ደግሞ ሰውዬው መልሱን ይዞ ይሄዳል። በመጨረሻ አንድ ነገር ታየው። ባለጸጋው በቀን አንድ ጊዜ ይጠይቃቸዋል። የሚጠይቃቸውም ስለ ሌሊቱ ነው። እነሱ ግን ሰላምታ እንጂ ጥያቄ አድርገው ሰምተውት አያውቁም።

በማግስቱ ጧት ባለጸጋው እንደ ልማዱ መጣ፤ ከበቅሎው ወረደ፤ ባርኔጣውን አነሣ።

«እንዴት አደራችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና አደርን!» አለ መንደሩ።

ገበሬው አፉን ገጥሞ ቆመ። ባለጸጋው አየው። ሁሉም ከንፈር ሲንቀሳቀስ አንድ ሳይንቀሳቀስ የቀረ እንደሆነ ያስታውቃል።

«አንተስ እንዴት አደርክ?»

ገበሬው «እግዚአብሔር ይመስገን፤ አላደርኩም» አለ።

«ምን አልክ?»

«አላደርኩም ጌታዬ። ሌሊቱ አደረ እንጂ እኔ አላደርኩም። ጋሪው፣ ድንጋዩ...» ሲል ድምፁ ጠፋ።

ከኋላው አንዱ ጮክ ብሎ «አላደርኩም ካለ ታዲያ እዚህ የቆመው ማነው?» አለ። ሰዉ ሳቀ። ሌላው ቀረብ ብሎ «ይቅር ይበሉት ጌታዬ፤ ሚስቱ ጥላው ሄዳ ራሱን ስቶ ነው» አለ። ባለጸጋውም አብሮ ፈገግ አለና ወደ ሥራው አለቃ ዞረ። «ከአንዱ በቀር ደህና አድረዋል። ቀጥል።»

እሱ እንደሄደ ሁሉም በገበሬው ላይ ወረዱበት። በተለይ አንድ ሽማግሌ በጣም ተቆጡ።

«ምን ዓይነት ባለጌ ነህ አንተ? በሰላምታ ላይ እንዲህ ያለ መልስ ይመለሳል? እሱስ ይቅር፤ ሰው ነው። የእግዚአብሔርን ስም ጠርተህ አላደርኩም ትላለህ? ፈጣሪን ማማረር አይሆንም?»

«አባቴ፣ እግዚአብሔርን አመሰገንኩት እኮ» አለ ገበሬው። «በሕይወት አውሎ ስላሳደረኝ አመሰገንኩት። ሰውዬው ግን የጠየቀኝ ስለ ሌሊቱ ነው። ለእሱ ደግሞ የሌሊቱን ነገርኩት።»

ሽማግሌው ክፉኛ ገላመጡትና ሄዱ።

በማግስቱም «እንዴት አደራችሁ?» ሲባል ገበሬው «እግዚአብሔር ይመስገን፤ አላደርኩም» አለ። በሦስተኛውም ጧት አለ። ስሙ በዚያው ወጣ። ልጆቹ ባዩት ቁጥር «አላደርኩም መጣ! አላደርኩም መጣ!» እያሉ ይከተሉታል። ጎልማሶቹ «አላደርኩም፣ በሬህስ አደረ?» ይሉታል። ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ሲያልፍ አፋቸውን በነጠላቸው ይሸፍናሉ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ሲነጋ ግን ከዚያው ቦታ ይቆማል፤ ያንኑ ይላል። ድምፁ አሁንም ይንቀጠቀጣል፤ ቃሉ ግን አልተለወጠም።

አንድ ጧት ባለጸጋው መጣ። ከበቅሎው አልወረደም። እንደተቀመጠ እጁን አነሣና «ጤና ይስጥልኝ!» ብሎ አለፈ።

«ጤና ይስጥልን!» አለ መንደሩ።

«አየህ?» አሉት ሽማግሌው ገበሬውን። «አስቀየምከው። ሰውዬው ከበቅሎው መውረድ እንኳን ተወ። ጨዋውን ሰው ባለጌ አደረግኸው!»

ገበሬው ሞፈሩን ተሸክሞ ወደ እርሻው ወረደ። ቀኑን ሙሉ ነገሩን ሲያሰላስል ዋለና ወደ ማምሻው ላይ መንደርተኛው ከሚቀመጥበት ዋርካ ሥር መጣ። ሳይጠሩት ወደ ሰው መሃል ሲገባ የመጀመሪያው ነበር።

«ሰውዬው ሰምቷል» አለ።

«ምኑን?»

«ያልኩትን። ያልሰማ ሰው መጠየቁን አይተውም። እስከ ትናንት እንዴት አደራችሁ ይለን ነበር፤ ዛሬ ጤና ይስጥልኝ ብሎን አለፈ። ለምን? ጤና ይስጥልኝ ስለ ሌሊት አይጠይቅም። እንዴት አደራችሁ ቢለን አላደርኩም እንደምለው ያውቃል። ከዚያች ቃል እየሸሸ ነው።» አንገቱን ቀና አደረገ። «የአንድ ሰው ቃል ነው ሰላምታውን ያስለወጠው። የአንድ ዓይናፋር፣ እናንተ የምትስቁበት ሰው ቃል። የሁላችን ቢሆንስ?»

ማንም አልሳቀም። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ «እኔስ መች አድሬ አውቃለሁ» አሉ። «ጋሪው ሲመጣ ተነሥቼ እቀመጣለሁ። ሲያልፍ እጋደማለሁ። ሲነጋ ደህና አደርን እላለሁ።»

«እኔም» አለ አንዱ።

«እኔም።» ከሴቶቹ በኩል የመጣ ድምፅ ነበር።

«እኔማ ከበቅሎዎቹ ጋር ተዋውቄያለሁ፤ የትኛዋ እንደምታነክስ ሁሉ አውቃለሁ» አለ ያ «እዚህ የቆመው ማነው» ብሎ የቀለደው።

በማግስቱ ጧት ባለጸጋው በበቅሎው ላይ ሆኖ ደረሰ። «ጤና ይስጥልኝ!» ብሎ ሊያልፍ ሲል ሽማግሌው ወደፊት ወጥተው የበቅሎዋን ልጓም ያዙ።

«ጌታዬ፣ ምን አጠፋን?»

«ምነው አባቴ?»

«እንዴት አደራችሁ ይሉን ነበር። ዛሬ እንዴት አደራችሁ አይሉንም?»

ባለጸጋው ወዲያና ወዲህ አየ። መንደሩ በሙሉ ከመንገዱ ዳር ወጥቶ ቆሟል። የሚያመልጥበት አልነበረውም።

«እ... እንዴት አደራችሁ?» አለ ቀስ ብሎ።

«እግዚአብሔር ይመስገን! አላደርንም!»

ድምፁ በአንድ ላይ ሲወጣ በቅሎዋ ደንብራ ወደ ኋላ ሸሸች። ባለጸጋው ወረደ። ፊቱ በቁጣ ቀልቶ ነበር።

«በየጧቱ እየወረድኩ ስጠይቃችሁ ለምን አልነገራችሁኝም? ያን ሁሉ ጊዜ ዋሻችሁኝ ማለት ነው?»

«አዎ ጌታዬ» አሉ ሽማግሌው። «ዋሸንዎት። ከእሱ በቀር» ብለው በዘንጋቸው ወደ ገበሬው አመለከቱ። «እርስዎ ጠይቀውናል። ጥፋቱ የእኛ ነው። ከዛሬ ወዲያ ግን ሰምተዋልና የእርስዎ ይሆናል።»

ባለጸጋው ሄዶ ከድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። በጫማው ጫፍ የድንጋዩን ሾጣጣ መታ መታ አደረገ። የሥራው አለቃ እየሮጠ መጣ።

«ኮረት አልብሰው» አለው ባለጸጋው።

«ጌታዬ፣ ክረምቱ እኮ ሊገባ ነው! አይደርስም።»

«ክረምቱ ይግባ። ጋሪው ይዘግይ።»

የሥራው አለቃ የተናገረው እውነት ነበር፤ ሰዎቹ ጥቂቶች ስለነበሩ ሥራው አይደርስም። መንደርተኛው ግን ይህን ሲሰማ ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ከወንዝ አሸዋ በአህያ እያመጣ አፈሰሰ፤ በጀርባውም ተሸከመ። ሽማግሌው ሳይቀሩ በእግራቸው እየረገጡ ጠቀጠቁ። ዝናቡ ሲመጣ ከመንደሩ ፊት ያለው መንገድ ለብሶ ነበር።

ባለጸጋው በሌላ ጧት መጣ። ከበቅሎው ወርዶ ባርኔጣውን አነሣ። ሕዝቡን አልጠየቀም፤ ገበሬው ፊት ሄዶ ቆመ።

«አንተ እንዴት አደርክ?»

ገበሬው ወዲያው አልመለሰም። ሌሊቱን ያስታውስ ነበር።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። ቆየና «ደህና አደርኩ» አለ።

ባለጸጋው ራሱን ነቀነቀ። በዚያች መንደር ይህችን ቃል ከልቡ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። ገበሬውም ዱላውን አንሥቶ በዚያው ወደ አማቱ ቤት መንገድ ጀመረ፤ ሚስቱንና ልጁን ሊያመጣ።

መምህር ልሳነወርቅ እዚህ ላይ አቆሙ። ዘንጋቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ፤ ከዚያ ወደ ትርንጎ ዞሩ።

«ትርንጎ፣ ኢንጂነሩ ዛሬ ጧት ከመኪናው ሲወርድ ከደጅሽ ነበርሽ?»

«ነበርኩ።»

«ምን አለሽ?»

«ምን ይለኛል? ሰላም አለኝ።»

«ሰላም ሲልሽ ምን ብሎ ነው?»

«እንዴት አደሩ እናቴ...» ብላ ጀመረችና አፏ ላይ ቀረ።

ጋሽ ወንድይራድ ከጠረጴዛው ኋላ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። «እኔ ልንገርዎት መምህር፣ ቆሜ አይቻታለሁ! እጁን በሁለት እጇ ይዛ ‹እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ፣ ደህና አድረናል፤ ቤተሰቦችህ ደህና ናቸው? ግባ እንጂ፣ ቁርስ ቅመስ› አለችው። ምንም አልቀራትም!»

«አንተስ ወንድይራድ?» አሉ መምህር።

ሳቁ ተቋረጠ። «እኔም... ያው... ሰላምታ ነዋ መምህር። ሰው እንዴት አደርክ ሲልህ ምን ይባላል?»

«ባለ ወፍጮውስ? ዘበኛውስ?»

ሁለቱም ወደ መሬት አዩ። ከኋላ ያሉት ሴቶችም እርስ በርስ መጎነታተላቸውን ተዉ።

«እንግዲህ ሰምተሻል» አሉ መምህር ለትርንጎ። ድምፃቸው አልከረረም። «ደህና ናቸው ብሎ የነገረው ማነው ብለሽ ጠየቅሽኝ። የሸጠን ሰው የለም። ኢንጂነሩ ባለጸጋው ነው፤ ክፉ አይደለም፤ ቤቱ ግን ሩቅ ነው፤ በጠየቀ ቁጥር የሰማው ያንኑ ነው። ሻካራው ያ የድንጋይ መንገድ ነው። ተሳቢዎቹ ጋሪዎቹ ናቸው። መንደሩ እኛ ነን፤ እርስ በርሳችን እናማርራለን፣ ሲነጋ ደህና አደርን እንላለን። እኔም ብሆን ዛሬ ጧት በመስኮት ሆኜ ያንኑ ብዬዋለሁ። አንድ ሰው ብቻ ነው የጎደለን። ገበሬው ገና አልመጣም።»

ማንም ከማንም ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት አልፈለገም።

ትርንጎ ተቀምጣ የነጠላዋን ጥለት በጣቷ ስታሻሽ ቆየች። ከዚያ ተነሣች። ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፋች። በወንበሮቹ መሃል አልፋ ወደ በሩ ሄደችና በሩን ከፈተችው። ከሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ኢንጂነሩ ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ እሷን አይቶ ከወንበሩ ሲነሣ ከአዳራሹ ውስጥ ይታያል።

«ቆይ እንጂ ትርንጎ! ብቻሽን የት ልትሄጂ ነው? አብረን...» አሉ ጋሽ ወንድይራድ እየተነሡ።

በዚያው ቅጽበት ጭነት የሞላ ተሳቢ ከድልድዩ በኩል መጥቶ በሻካራው ላይ እያጓራ አለፈ። የአዳራሹ መስኮት ነዘረ፤ የቀረው ንግግራቸውም አልተሰማም። መኪናው ሲያልፍ ትርንጎ መንገዱን እየተሻገረች ነበር። ዞር አላለችም፤ ቀጥ ብላ ወደ ኢንጂነሩ ሄደች።